አስቸኳይ፦ ወንድሜ የሠራው የስፔክትረም ጌም 3ኛው ፎቅ ላይ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቶሎ የሚያየኝ ካለ እባካችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም 48 ለሚባለው የድሮ ኮምፒውተር የሠራው ጌም አለ፤ ላፕቶፕ ላይ ፊዩዝ በሚባለው ኢሙሌተር (ላፕቶፑን እንደዚያ ኮምፒውተር በሚያሠራው ፕሮግራም) ነው የምከፍተው። ጌሙ ውስጥ ያለው ልጅ ጀሪካን እየደራረበ፣ እላዩ ላይ እየወጣ፣ ውሃ ወዳልደረሰበት ፎቅ ያደርሳል። 1ኛና 2ኛ ፎቅ ምንም ችግር የላቸውም። 3ኛው ላይ ጀሪካኑን በስፔስ ይዤ ልጎትት ስል ቀጥ ይልና ከታች «ኤል ብሬክ ኢንቱ ፕሮግራም፣ 340፡2» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዴ ቁጥሩ ሌላ ነው። ነገ ጠዋት የብሎካችን ልጆች ኮሚናሉ ውስጥ ሊጫወቱበት ነው፣ ወንድሜ ቃል ገብቶላቸዋል። እሱ ለለቅሶ ገጠር ሄዶ ስልኩ አይሠራም። መብራት ጠፍቷል፤ ያለኝ ጊዜ ባትሪው እስኪያልቅ ነው።

ማሜ ጥገና፦
ብሮ ፋይሉ ተበላሽቷል። እንደገና ኮፒ አድርገህ ሞክረው።

ለገጣፎ ማዶ፦
ጀሪካን ተሸክሞ 3ኛ ፎቅ መውጣት ጌም ሆነ? እኛ ብሎክ ይህን በየቀኑ በነፃ እንጫወተዋለን 😂 ለማንኛውም አማርኛ መጻፊያው ተከፍቶ እንዳይሆን እይ። እሱ ክፍት ሲሆን ኢሙሌተሩ ቁልፎቹን በትክክል ላያውቃቸው ይችላል።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ማሜ፣ ሴት ነኝ። ሁለት ቦታ ላይ ያለውን ኮፒ ከፍቼ አየሁት፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። አማርኛውም ዝግ ነው። ልጁ ይሄዳል፣ ይዘላል፣ ቆሞ ስፔስ ስነካ ጀሪካኑን ያነሳል። እየሄደ ሲሆን ብቻ ነው።

የድሮ ካሴት፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው። ስፔክትረም እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዝ አገር የክላይቭ ሲንክሌር ኩባንያ ያወጣው የቤት ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰሩ ዜድ 80 ነው፣ ፍጥነቱ 3.5 ሜጋኸርዝ። ራሙ 48 ኪሎባይት ሲሆን ከዚያ ላይ 6,912 ባይቱን ስክሪኑ ብቻ ይወስድበታል። ስክሪኑ 256 በ192 ነጥብ ነው፤ 8 በ8 በሆነው በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ለዚህ ነው አንድ ሰው በሌላ ቀለም ዕቃ አጠገብ ሲያልፍ ቀለማቸው የሚደባለቀው። ፕሮግራሙ የሚጫነው ከተራ ቴፕ ካሴት ነበር፣ እየጮኸ፣ የስክሪኑ ዳር ሰማያዊና ቢጫ እየተሸነተረ። በዚህች ጠባብ ቦታ ፎቅና ደረጃና ጀሪካን ያሰናዳ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል። ወንድምሽ በርታ በይልኝ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እነግረዋለሁ። ግን ባትሪው እየወረደብኝ ነው።

ኮደር ጀሞ፦
ያ ጽሑፍ ከወጣ በቤዚክ፣ ማሽኑ ውስጥ ባለው ቀላል የፕሮግራም ቋንቋ፣ ነው የጻፈው ማለት ነው። ችግሩ እዚያው ነው። በቤዚክ ጌም አይሠራም፣ ይጎተታል። ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያነበውን ማሽን ኮድ ይማር፤ ካልሆነ ዛሬ ጎዶትን የመሰለ ነፃ የጌም መሥሪያ እያለ ለ40 ዓመት ዕቃ ምን አደከመው?

ሰንዳፋ 48፦
ኮደር፣ እሷ የጠየቀችው ነገ ጠዋት ልጆቹ እንዲጫወቱ ነው። ደግሞ ካሬ በካሬ ለሚሄድ የእንቆቅልሽ ጌም ቤዚክ ይበቃል።
እህቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ልጁን የምታስኬጂው በየትኛው ቁልፍ ነው?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
በቀስቶቹ ነዋ።

ማሜ ጥገና፦
እኔ አሁንም ፋይሉ ነው እላለሁ። ኢሙሌተሩንም አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው።

ሰንዳፋ 48፦
ማሜ ተው፣ ምንም አይጫንም። እህቴ፣ ተገኝቷል። ጌሙም ፋይሉም አልተበላሸም።

የመጀመሪያው ስፔክትረም 40 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ ለብቻው የተቀመጠ ቀስት የለውም። ግራ ማለት ካፕስ ሺፍት ከ5 ጋር ነው፤ ታች ከ6፣ ላይ ከ7፣ ቀኝ ከ8 ጋር። ስለዚህ የላፕቶፕሽን የግራ ቀስት ስትጫኚ ፊዩዝ ሁለት ቁልፍ ነው የሚጫንልሽ፦ ካፕስ ሺፍትና 5። ስፔክትረም ላይ ደግሞ ካፕስ ሺፍትና ስፔስ አንድ ላይ ከተነኩ «ብሬክ» ነው፣ ፕሮግራም ማቆሚያ። ቀስት ይዘሽ ስፔስ በነካሽ ቁጥር «አቁም» እያልሽው ነው። ቤዚክ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ ብሬክ ተነክቶ እንደሆነ ስለሚያይ ወዲያው ይቆማል። ቁጥሩ የሚለያየውም ለዚህ ነው፤ የፕሮግራም ስህተት ቢሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር፣ ይሄ ግን በዚያች ቅጽበት የደረሰበት መስመር ላይ ነው የሚቆመው። 1ኛና 2ኛ ፎቅ ላይ ጀሪካን የሚነሳው ተቁሞ መሆን አለበት፤ መጎተት የመጣው 3ኛው ላይ ነው። ወንድምሽ ደግሞ ሲጫወት ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ነው የሚነካው ብዬ አስባለሁ፣ ለዚህ አላጋጠመውም።

አሁን ቀስቶቹን ተያቸው። በ5 ግራ፣ በ8 ቀኝ፣ በ7 ላይ፣ በ6 ታች ሂጂ። ስፔሱ እንዳለ ይሁን።

ለገጣፎ ማዶ፦
ወይ ጉድ! ልጆቹ ግን ነገ ዘለው ቀስቱን ነው የሚይዙት፣ ማን ይከለክላቸዋል? ፕላስተር ለጥፊበት 😂

ሰንዳፋ 48፦
ፕላስተሩ እውነትም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አድርጊው። ቢቆምባቸውም አትደንግጪ። ሲ የሚለውን ፊደል ስትነኪ «ኮንቲኒዩ» የሚል ሙሉ ቃል ይወጣል፤ ከዚያ ኢንተር። ካቆመበት ይቀጥላል፣ ጀሪካኖቹም ባሉበት ናቸው። ታችኛው መስመር ላይ የነበረ ሥዕል ሊጠፋ ይችላል፣ ለጨዋታው ግን ምንም አይደል። አርን ነክታችሁ ኢንተር እንዳትሉ ብቻ። እሱ «ራን» ነው፣ ከ1ኛ ፎቅ ያስጀምራችኋል።

3ኛው ፎቅ እንደጀመረ ደግሞ ኤፍ 2 ነክተሽ ስናፕሾት (ጌሙን በዚያች ቅጽበት እንዳለ የሚይዝ ፋይል) አስቀምጪ። ባትሪው ቢያልቅም ነገ በኤፍ 3 እዚያው ቦታ ላይ ትከፍቺዋለሽ።

ኮደር ጀሞ፦
እሺ ይሁን። ግን በዚህ ከተተወ ነገም ሌላ ሰው ላይ ይቆማል። ኮዱ ውስጥ መስተካከል አለበት።

ሰንዳፋ 48፦
እዚህ ላይ ልክ ነህ። ወንድምሽ ሲመለስ ይሄን አሳዪው፣ ወይም ድፍረቱ ካለሽ ራስሽ ሞክሪው። ጌሙ በቆመበት ኬ ነክተሽ ኢንተር ስትይ ፕሮግራሙ ይዘረዘራል። «ኢን 32766» የሚል መስመር ፈልጊ። ይሄ ስፔስና ኤም የሚገኙበትን ረድፍ የሚያነብ ነው። አጠገቡ 190 የሚል ካለ 187 አድርጊው፤ ያኔ ጀሪካን መያዣው ከስፔስ ወደ ኤም ይዞራል። ረድፉ ምንም ካልተነካ 191 ነው የሚሰጠው፤ ስፔስ 1 ይቀንስበታል፣ ኤም 4። ኤም ከብሬክ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌላት በቀስትም ሆነ በቁጥር እንደፈለጉ ይጎትታሉ። መስመሩን ለማረም ኬ ነክተሽ («ሊስት» የሚል ቃል ይወጣል) የመስመሩን ቁጥር፣ ኢንተር፣ ከዚያ ሺፍትና 1። ከመንካትሽ በፊት ግን ያልተነካውን ፋይል ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

የድሮ ካሴት፦
ሰንዳፋ፣ ተባረክ። ወንድምየው ኤምን ከመረጠ ጽሑፉን መግቢያው ስክሪን ላይም ይቀይረው፤ «ስፔስ ተጫን» የሚል ተጽፎ ከቀረ ልጆች ግራ ይገባቸዋል።

ማሜ ጥገና፦
ሠራ ወይስ አልሠራም? ካልሠራ ፋይሉን ላኪልኝ።

ሰንዳፋ 48፦
የቱሉ ዲምቱ ልጅ፣ በቁጥሮቹ ሞከርሽው?

አያት ጨፌ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም ሌላ የቤዚክ ጌም ላይ ይኸው ጽሑፍ ወጣብኝ፣ ግን ሲ ስነካ «ሲ» የምትል ፊደል ብቻ ነው የምትወጣው፣ ሙሉ ቃል አይመጣም።

ሰንዳፋ 48፦
128 በሚባለው ከ48 በኋላ በመጣው የስፔክትረም ሞዴል ላይ ከፍተኸው ነው። እዚያ ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነው የሚጻፈው። ኤፍ 9 ነክተህ ስፔክትረም 48ን ምረጥና ቴፑን እንደገና ክፈተው። 128 ላይ መቆየት ከፈለግክ ደግሞ ሲነሳ ከሚመጣው ማውጫ «48 ቤዚክ» የሚለውን ምረጥ።

አያት ጨፌ፦
48 ላይ ሆነ፣ አመሰግናለሁ። የጀሪካኑ ጌም ግን ከየት ይገኛል?