የስካን ውጤትን በሰንጠረዥ ለማደራጀት የትኛው መሣሪያ ይሻላል? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የአይሲቲ ክፍል ነው። ለንብረት ቆጠራ በኔትወርካችን ላይ ያሉትን መሣሪያዎች የአይፒ አድራሻ፣ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) እና የአምራቹን ስም በሦስት አምድ አድርጌ በኤክሴል እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። በኔትወርክ ላይ ያሉ መሣሪያዎችን በሚፈልገው ፕሮግራም በኤንማፕ ስካን አድርጌ ውጤቱን በጽሑፍ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ነገር ግን የአንዱ መሣሪያ መረጃ በሦስት መስመር ተበታትኖ ነው የሚመጣው። አርባ ያህሉን በእጄ ገልብጬ ዓይኔ ደከመ። ከጽሑፍ ማጣሪያ ትእዛዞቹ የትኛው ይሻላል፦ ግሬፕ፣ ሴድ፣ ኦክ፣ ወይስ ሌላ? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

አንደኛ መልስ፦
መገልበጡን አሁኑኑ ይተዉት። ከመሣሪያው በፊት ግን የውጤቱን ዓይነት ይምረጡ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ኤንማፕ ውጤቱን ለሰው ዓይን በሚመች ተራ ጽሑፍ፣ ለግሬፕ ተብሎ በተዘጋጀ ቅርጽና ፕሮግራሞች በሚያነቡት በኤክስኤምኤል ይጽፋል። ሰረዝ፣ ትንሹን ኦ እና ትልቁን ኤ አከታትለው ቢጽፉለት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጥልዎታል።

ለግሬፕ የተዘጋጀው ቅርጽ ስሙ ያማልላል። የአንድ መሣሪያ ፖርቶች (የአገልግሎት መግቢያ በሮች) ሁሉ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ «ፖርት 3389 የተከፈተበት ኮምፒውተር የትኛው ነው?» ለሚል ጥያቄ እስካሁን የምጠቀመው እሱን ነው። የማክ አድራሻ ግን በውስጡ የለም። ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ስፈልግ ውያለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።

ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ ተራውን ጽሑፍ ከኦክ ጋር እመክራለሁ። ግሬፕ መስመር ይመርጣል እንጂ ከላይ ያለፈውን አያስታውስም። ኦክ ያስታውሳል። የሪፖርቱን መነሻ መስመር ሲያገኝ የመጨረሻውን ቃል፣ ማለትም የአይፒ አድራሻውን፣ እንዲይዝ ይንገሩት፤ ማክ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ የያዘውን አድራሻ፣ ከዚያ ሦስተኛውን ቃል፣ ከዚያ በቅንፍ ያለውን የአምራች ስም እንዲያትም ይዘዙት። ነገሩ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ሴድም ይችላል፤ ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ጸሐፊው ራሱ አያነበውም።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች። ስም ያላቸው ኮምፒውተሮች አድራሻቸው በቅንፍ ውስጥ ስለሚገባ ስካኑን ሲያስነሱ ስም ፍለጋውን ያጥፉት፤ ሰረዝና ትንሽ ኤን ይበቃል። ስካኑን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ያስነሱ፤ አለዚያ የማክ አድራሻ አይመጣም። ከራውተር ማዶ ያሉ መሣሪያዎች በሱዶም ቢሆን ማካቸው አይታይም፤ እያንዳንዱን የኔትወርክ ክፍል እዚያው ተገኝቶ መፈተሽ ግድ ነው። ሲደረድሩም የመደርደሪያውን ትእዛዝ ሶርትን ዝም ብለው ከተዉት በ10 የሚያልቀውን አድራሻ በ2 ከሚያልቀው ያስቀድማል፤ ሰረዝና ትልቅ ቪ ይጨምሩለት።

ሁለተኛ መልስ፦
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? አርፕ ስካን የሚባለውን ይጫኑ። አይፒ፣ ማክና አምራች በአንድ መስመር፣ በታብ ተለያይተው ይመጣሉ። እኔ ኦክን የምነካው ከላይና ከታች ያሉትን ማብራሪያ መስመሮች ለመቁረጥ ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ከአምራቾቹ ስም ውስጥ ኮማ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ፋይሉን በኮማ ለይተው ወደ ኤክሴል ካስገቡት የአንዱ ድርጅት ስም ሁለት አምድ ይይዛል። ታቡን እንዳለ ይተዉት።

ሦስተኛ መልስ፦
ሁለታችሁም በአቋራጭ እየሄዳችሁ ነው። ለሰው ዓይን የተጻፈ ጽሑፍ የቃላቱ ቦታ አንድ ቀን ቢቀየር የኦክ ትእዛዛችሁ ዝም ብሎ የተሳሳተ ያትማል። ትክክለኛው መንገድ ኤክስኤምኤሉን ኤክስኤምኤል ስታርሌት በሚባለው ማንበቢያ ፕሮግራም ማንበብ ነው፤ አድራሻው በስሙ ይጠራል እንጂ በቦታው አይቆጠርም።

አንደኛ መልስ ሰጪ፦
በመርሕ እስማማለሁ፤ በየወሩ ለሚደጋገም ሥራ እኔም ወደዚያው እሄዳለሁ። ነገር ግን ስካኑ አጋማሽ ላይ መብራት ጠፍቶብኝ ያውቃል። ኤክስኤምኤሉ መዝጊያው ሳይጻፍ ስለቀረ የስታርሌት ምላሽ የስሕተት መልእክት ብቻ ነበር። ኦክ ግን እስከተጻፈበት ድረስ ያለውን አወጣልኝ። በዚህ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም ልጨምር፦ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትን ይከለክላል። ስካን ማድረግ መግባት ባይሆንም፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ግልጽ አይደለም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦክን መረጥኩ፤ አርፕ ስካንን ደግሞ ለማመሳከሪያ ጫንኩት። ሁለቱ ተስማሙ። ነገር ግን አምራቻቸው የማይታወቅ ብዙ መሣሪያዎች ወጡ። ምን ይሆኑ?

ሁለተኛ መልስ ሰጪ፦
የማካቸውን ሁለተኛ ምልክት ይዩ። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው ከፋብሪካ የተሰጠ አይደለም፤ በዋይፋይ የገቡ የሰዎች ስልኮች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች የፈጠራ ማክ ይዘው ይቀርባሉ። በኦክ አጣርተው ያውጧቸው፤ የኮሌጁ ንብረት አይደሉም።

ጠያቂ፦
እንደተባለው ሆነ። አሁን ከመዝገቡ የጎደለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ክፍሉን ሁሉ ዞሬ አጣሁት።

አንደኛ መልስ ሰጪ፦
የተቀመጡበት ነው። ኤንማፕ የራሱን ኮምፒውተር ማክ አያትምም፤ እሱን በእጅዎ ይጻፉት።