በአንድ ስልክ 60 ተማሪ ፊልም ማሠራት ይቻላል?

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ስለ ታንኳ አጭር ፊልም እንዲሠሩ፣ ሙዚቃውንም ራሳቸው እንዲያዘጋጁ አስቤያለሁ። ያለኝ የራሴ አንድሮይድ ስልክ ነው። ትምህርት ቤቱ ጥቂት ኮምፒውተሮች አሉት፤ ኢንተርኔት ግን የለም። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ለሙከራ ጣና ዳር ትንሽ ቀርጬ ነበር፤ ከነፋስ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ከየት ልጀምር? የትኛውስ አፕ ይሻላል?

የሰርግ ቪዲዮ፦
ቲቸር፣ አፑ ይቆየን። መጀመሪያ ድምፁን ከምስሉ ለይው። ሐይቅ ዳር ምስል ብቻ ቅረጪ፣ ትረካውን ክፍል ውስጥ ቅጂ። ጠዋት ጠዋት ጣና ረጋ ይላል፣ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፤ ስለዚህ በጊዜ ውጡ። ለትረካው የክፍሉን ጥግ ምረጪና ከተራኪው ጀርባ ጋቢ ስቀይ፤ የግድግዳው ማስተጋባት ይቀንሳል። ስልኩ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ አትርሺ፣ አለዚያ መሀል ላይ ይደወላል። ስልኩን ደግሞ አግድም ያዙት።
ቪዲዮውን ለመቁረጥና ለመቀጠል ኪንማስተር የሚባለው አፕ ይበቃሻል። ነጻው የራሱን ምልክት ቪዲዮው ላይ ያስቀምጣል፤ ለክፍል ሥራ ምን ይጎዳል?

ዘጌ ማዶ፦
60 ልጅ ይዞ ሐይቅ ዳር? እኔ አልደፍረውም። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ በስቶፕ ሞሽን ጨርሺው፤ ፎቶዎችን በተከታታይ አንስቶ እንደ ፊልም ማንቀሳቀስ ማለት ነው። ዴስክ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፊ፣ ያ ጣና ነው። ታንኳዋን ልጆቹ ከደንገል ይሥሩ፣ ደንገል ካጣችሁ ከካርቶን። ትንሽ ገፋ ማድረግ፣ እጅ ማውጣት፣ ፎቶ ማንሳት። እንደገና ገፋ፣ እጅ ማውጣት፣ ፎቶ።
በሰከንድ 8 ፎቶ ይበቃል። 20 ሰከንድ ማለት 160 ፎቶ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ልጆች አይሰለቹም፣ የምንሰለቸው እኛ ነን። ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ የሚባለውን አፕ ቤትሽ አውርጂው።
ዋናው ነገር ስልኩ እንዳይነቃነቅ ነው። በሁለት ጡብ መሀል አጣብቂው። ሌላው ጣጣ ብርሃን ነው፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ስክሪኑን ጣትሽን ሳታነሺ ጫን ብትዪው በብዙ ስልኮች ላይ ብርሃኑ ባለበት ይቆለፋል።
ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርጊያቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትዕይንት። አንዱ ይገፋል፣ አንዷ ታነሳለች፣ አንዱ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት «እጅ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን ሥራ የክፍሉ ረባሽ ይያዘው፣ እንደሱ የሚጠነቀቅ አታገኚም። ተራ ያልደረሳቸው መልክዓ ምድሩን ይሣሉ።

ክራር ቤት፦
ስለ ሙዚቃው ማንም አላነሳም። ክሮም ሚውዚክ ላብ በሚባለው የጉግል ድረ ገጽ ውስጥ ሶንግ ሜከር የሚባል ሳጥን እየነኩ ዜማ መሥሪያ አለ። ነጻ ነው፣ በስልክ ብሮውዘር ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ዳታሽን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቺላቸው። ቀድመሽ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ ስኬሉን (ቅኝቱን) ፔንታቶኒክ፣ ማለትም ባለ አምስት ድምፅ አድርጊው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይቀራሉ። ይሄ የእኛው ትዝታ ሜጀር ነው! ልጁ የትኛውንም ሳጥን ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። አንቺ ሆዬ ወይም አምባሰል ከፈለግሽ ግን ክሮማቲክ (12ቱም ድምፆች ያሉበት) አድርገሽ ድምፆቹን ራስሽ መምረጥ አለብሽ፤ ለ4ኛ ክፍል ይከብዳል። ሲያልቅ በዌቭ የድምፅ ፋይል አውርጂው።

የሰርግ ቪዲዮ፦
ክራርና ከበሮ እያለ ሳጥን መንካት ምን ይሉታል?

ክራር ቤት፦
ክራሩን ለ60 ልጅ አንተ ትገዛለህ? 😄 ለማንኛውም ሁለቱም ይቻላል። ቲቸር፣ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ወስደሽ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጫኚው፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጭብጨባውን፣ ከበሮውን፣ እልልታውን በስልክ ለየብቻ ቅጂና በኬብል አስገቢው። ልጆቹ አንዱን በሌላው ላይ ሲደርቡት ደስታቸውን ታያለሽ።

የልጆች አባት፦
እንደ ወላጅ አንድ ነገር ልበል። ፊልሙ ቲክቶክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወላጅ ይጠየቅ። የዘጌ ማዶ ሐሳብ ለዚህም ጥሩ ነው፣ የልጅ ፊት አይታይም።

ሐይቅ ዳር (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ! በስቶፕ ሞሽኑ እጀምራለሁ፣ ሙዚቃው በትዝታ ይሁን። ሐይቁን እኔው ጠዋት ሄጄ ለመክፈቻ እቀርጻለሁ። ግን ስልኬ ሊሞላ ነው፣ የእያንዳንዱን ቡድን ሥራ እንዴት ላውጣው?

ዘጌ ማዶ፦
ቡድኑ እንደጨረሰ ቪዲዮ አድርገሽ አውጪውና በኬብል ኮምፒውተር ላይ ገልብጪው። መከፈቱን ሳታዪ ግን ከስልክሽ አታጥፊ። በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ ጥራቱ አይወርድም።