የክራሩ ለዛ ሳምፕለር ውስጥ ሲገባ ለምን ይጠፋል?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአጎቴን ክራር በስልኬ ቀድቼ ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅን በኪቦርድ የሚያጫውት ሶፍትዌር) ላይ ጫንኩት። የቀዳሁት አንዱን ክር ብቻ ነው፤ ሌላውን ሶፍትዌሩ ራሱ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያወጣዋል። ወደ ላይ ስወጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወደ ታች ስወርድ ከበርሜል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። አንዱን ኖታ ደጋግሜ ስመታ ደግሞ ጥፍሩ ክሩን ሲነካ የሚያሰማት «ጭ» በየምቱ አንድ ዓይነት ሆና ትመጣለች። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ነው፤ ለሶፍትዌር የምከፍለው የለኝም። እባካችሁ ምን ላድርግ?

መልስ (ሰንዳፋ)፦
ወንድሜ፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ቀላል ሳምፕለር ድምፅን የሚያቀጥነው ቅጂውን በማፍጠን ነው። አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍ ብሎ እስከሚደገምበት) ስትወጣ ፍጥነቱ እጥፍ ስለሚሆን የ4 ሰከንዱ ድምፅ በ2 ሰከንድ ያልቃል፤ የክራሩ ገበቴ ድምፅም አብሮ ስለሚቀጥን ክራርነቱ ይጠፋል። ስድስቱንም ክሮች ለየብቻ ቅዳ፤ አንዱንም ከ2 ሰሚቶን (ከፒያኖ ሁለት ተከታታይ ቁልፍ) በላይ አታስኪደው።

ለ«ጭ»ዋ መድኃኒቱ ቅጂዎችን ማፈራረቅ ነው። እያንዳንዱን ክር በለስላሳ፣ በመካከለኛና በጠንካራ ምት፣ አራት አራት ጊዜ ቅዳ። 72 ቅጂ ይሆናል። ሳምፕለሩ አራቱን በየተራ ሲያወጣቸው ጆሮ ድግግሞሹን አይይዘውም። እያንዳንዱ 5 ሰከንድ፣ ሞኖ፣ 24 ቢት ቢሆን እንኳ ሁሉም ተደምሮ 50 ሜጋባይት አይሞላም፤ ራምህ ይችለዋል። ስፎርዛንዶ የሚባለው ሳምፕለር ነፃ ነው። የትኛው ቅጂ በየትኛው ኖታ እንደሚወጣ የሚነግረው የኤስኤፍዚ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ትጽፈዋለህ።

መልስ (ሱሉልታ፣ ክራር ደርዳሪ)፦
ቅኝቱን አደራ። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ በተለይ አንቺሆዬ ፒያኖው ላይ ልክ አይቀመጥም። ቅጂውን በአውቶቱን (ድምፅን ወደ ተወሰነ ኖታ በሚስብ ሶፍትዌር) «አስተካክላለሁ» ካልክ የአጎትህን እጅ አጠፋኸው። ደግሞ ከትዝታ ወደ ባቲ ስንዞር ክሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል፣ የድምፁ ጠባይም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ለየቅኝቱ ለየብቻ ቅዳ። ስንደረድር በግራ ጣታችን የምናፍናቸው ክሮች የሚያሰሙትን «ጥፍ» የሚል ድምፅም አትተው፤ እኔ የሶፍትዌር ክራር ስሰማ መጀመሪያ የሚጎድለኝ እሱ ነው።

መልስ (ለገጣፎ)፦
ኪቦርዱን ነክተህ ድምፁ ከዘገየብህ በፈር ሳይዙን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን የሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ቅንጣት ብዛት) አሳንስ። በ44,100 ኸርዝ 1,024 ሳምፕል 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ 256 ግን 6 ገደማ ብቻ። ስትጫወት 256፣ ስታቀናብር 1,024 አድርገው።
ክራሩን የሚያጅብ ቤዝ ከፈለግህ በሲንተሳይዘር (ድምፅን ራሱ በሚፈጥር ሶፍትዌር) ሥራው። ሰርጅ ኤክስቲ ነፃ ነው፤ ስካላ የሚባለውን የቅኝት ፋይል ስለሚቀበል ክራር ደርዳሪዋ እህታችን ያለችውን ቅኝት ቤዙም ላይ ማስገባት ትችላለህ። አለበለዚያ ቤዙና ክራሩ ይጣላሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ቀን ቀን የግንባታ ጫጫታ ስላለ ትናንት ሌሊት ጋቢ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ሁለት ክር ቀዳሁ። «ጭ»ዋ አሁን እንደ ሰው እጅ ትለያያለች። ሦስተኛው ክር ላይ ስደርስ ግን ቅኝቱ ወርዶ አገኘሁት።

መልስ (ሱሉልታ፣ ክራር ደርዳሪ)፦
ቆዳው የሌሊቱ እርጥበት ሲነካው ይላላል። ክራሩን ከመቅዳትህ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚያው ክፍል አስቀምጠውና ይልመደው። ከየአራቱ ምት በፊትም እንደገና ቃኘው።