ቅቤ ቅቤ የሚል በረዶ፦ ጥፋቱ የውኃው ነው ወይስ የፍሪዘሩ?

ጥያቄ፦
የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ፍሪጃችን ከውኃ መስመር ጋር ተያይዞ በራሱ በረዶ የሚሠራ ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በረዶው ቅቤ ቅቤ ስለሚል ለእንግዳ ማቅረቡ አሳፍሮናል። የውኃ ማጣሪያውን ብቀይርም ለውጥ አላየሁም። በዚያው ፍሪዘር ውስጥ ንጥር ቅቤ፣ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬና እንጀራ እናስቀምጣለን። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
ሌላ ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ጥፋቱን ይለዩ። ከፍሪጁ የሚቀዳውን ውኃ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አድርገው እዚያው ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን ያቆዩት። የተከደነው ካልሸተተና ማሽኑ የሠራው ከሸተተ፣ የማጣሪያው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለቱም የመዋኛ ገንዳ ሽታ ካላቸው ግን ከክሎሪን ሊሆን ስለሚችል የከሰል ማጣሪያ ይረዳል። የእርስዎ በረዶ ቅቤ የሚሸት ከሆነ ግን እኔ የምጠረጥረው ፍሪዘሩን ነው፤ በረዶ ክፍት ሳጥን ውስጥ ሲከማች፣ በተለይም ሳይነካ ሲከርም፣ በዙሪያው ያለውን ሽታ ይስባል። በብዙ ፍሪጆች ሁለቱን ክፍሎች የሚያቀዘቅዘው አንድ አየር ስለሆነ፣ ሳይከደን ያደረ የወጥ ድስት እንኳ ሽታውን እስከ በረዶው ያደርሳል።

መልስ፦
ስስ ፌስታል ሽታ አያግድም፤ በርበሬውንም ቅቤውንም ክዳኑ ወደሚጠብቅ የጠርሙስ ዕቃ ይገልብጡ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው በረዶውን ሁሉ ይድፉ። ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሳጥኑን ጥቂት ውጭ ያቆዩት፤ ቀጥሎም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጠቡት፣ ያለቅልቁት፣ ፈጽሞ እስኪደርቅም ይጠብቁ። ሽታ ያለው ሳሙና ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ማሽኑ እንደገና ሲሠራ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት በረዶ ይድፉ።

ጠያቂ፦
የተከደነው በረዶ ምንም ሽታ የለውም። ሳጥኑን ሳወጣ ደግሞ የበርበሬው ፌስታል ከሥሩ ተቀዶ፣ ዱቄቱ ከኋላ በኩል ባለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። በኮምጣጤ ባጸዳው ጉዳት አለው?

መልስ፦
ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው በኮምጣጤ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በወንፊቱ ቀዳዳዎች ግን ፈሳሽ አያፍስሱ። ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱን በአንድነት አይጠቀሙ።