ዲቲ 125 ሐረጎን መውጣት አቃታት፤ ጉልበቷ የት ገባ?

ባለዲቲ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ያማሃ ዲቲ 125 አለችኝ። የድሮዋ፣ በአየር የምትቀዘቅዘው ቱ ስትሮክ፣ ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታቃጥል። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ወጥታ፣ ሦስት ሰው እጅ ዞራ ነው እኔ ጋ የደረሰችው። ግማሿን ፋብሪካው፣ ግማሿን ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሠርቷታል ማለት ይቻላል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡሬተሯ የራሷ አይደለም፣ ከገበያ የተገዛ ነው። የአየር ፊልትሮ ሳጥኗ ወልቆ ስፖንጅ ታስሮላታል። የማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ጫፍ ተቆርጧል፤ እንድትጮህ ተብሎ መሰለኝ። የዘይት ፓምፗም ስለተነቀለ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የምቀላቅለው እኔ ነኝ፤ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ።

ችግሩ ይሄ ነው። ድሮ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ነበር የምትወጣው። ከወር ወዲህ ግን መጀመሪያ ደህና ትሄድና ሩብ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ትዝላለች። ቤንዚን ስጨምርላት ጭራሽ ትታፈናለች። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ነው ደሴ የምገባው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ ቀድሞኝ አለፈ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ካንዴላ (እሳት የሚጭረውን) ቀይሬያለሁ፣ ካርቡሬተርም አሳጥቤያለሁ። መካኒኬ «ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ትከፈት» ይላል። የጠራው ዋጋ ግን የሞተሯን ሩብ ይሆናል። ሳላስከፍት በፊት ራሴ ምን ልፈትሽ?

የጢጣው
ወንድሜ፣ ደሴ እኮ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ሞተር 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። ከዚያ ነው የሚሆነው፣ አትጨነቅ።

አያ መፍቻ (ኮምቦልቻ)
ያልከው ልክ ነው። ግን ደሴ ባለፈው ወር ከፍ አላለችም እኮ! ሞተሯ ድሮም እዚያው አየር ላይ ነበር ሐረጎን የምትወጣው።

ባለዲቲ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር መልስልኝ። አንደኛ፣ ስትዝል የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል ወይስ አብሮ ይወርዳል? ድምፁ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እየተንሸራተተ ነው፤ ሞተሩ ንጹሕ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እንደደከመች ወዲያው አቁምና የኋላ ጎማዋን አንስተህ በእጅህ አሽከርክር። ፍሬን ይዞ የሚሄድ ሞተር ስንቱን ጋራዥ አዙሯል መሰለህ። ሦስተኛ፣ ጠዋት በብርድ በስንተኛው ምት ትነሳለች? ፋሻዋን የጨረሰች ሞተር በደሴ ጠዋት እግር ታሰብራለች እንጂ ቶሎ አትነሳም።

ባለዲቲ
አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ጎማው እንደ ልብ ይዞራል። ጠዋት በሁለተኛው ምት ትነሳለች፣ ቢበዛ በሦስተኛው።

አያ መፍቻ
እንግዲያው ፋሻውን ለጊዜው እንተወው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልግ። ካንዴላው ቦታ ይገባል፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ደጋግመህ ትመታለህ። በአብዛኛው ከ100 ፒኤስአይ በታች ካሳየ ያኔ ስለ መክፈት እናወራለን።

የኩታበሯ
እኔ በግብርና ሥራ ቀበሌ ለቀበሌ በሞተር ነው የምዞረው። የእኔዋም ልክ እንዲህ ነበር ያደረገችኝ፤ ሩብ ሰዓት ትሄዳለች፣ ከዚያ ትሞታለች። ችግሩ የታንኩ ክዳን ነበር። አየር የምታስገባው ትንሿ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና ቤንዚኑ መውረድ አቅቶት ነው። ስትደክምብህ ክዳኑን ክፈት። «ፉት» ብሎ አየር ከሳበ አገኘኸው ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ቤንዚኑ ነው። በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምትቀዳው? ላምባ የሚቀላቅሉበት አሉ። ዘይት ሳትጨምርበት በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ደህና ቤንዚን በኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ዘይት ከገባበት በኋላ ግን አትሞክረው፣ ምንጊዜም ምልክት ይተዋል። እኔ እንዲያ አድርጌ ያልበደለኝን ሻጭ ስረግም ውያለሁ።

ባለዲቲ
እትዬ፣ ሁለቱንም ዛሬ ሞከርኩ። ክዳኑን ስከፍተው ድምፅ የለም። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅዬ ቤንዚኑን በጠርሙስ አየሁት፣ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ወረቀቱም ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። ደክማ እንደቆመች ካንዴላውን ፈታሁት፤ ነጭ ነው። አመድ የነፉበት ነው የሚመስለው። ቱ ስትሮክ ካንዴላው ይጠቁራል ሲባል ነበር የምሰማው።

ቱርቦ
ዘይት አንሷት ነው። 200 ሚሊውን 400 አድርገው። ስፖንጁንም አውልቀህ ጣለው፣ በደንብ ትተንፍስ።

አያ መፍቻ
ቱርቦ፣ ተው! በተባለው መንገድ ከሄደ ፒስተኑን እዚያው ሐረጎ ላይ ያጣብቀዋል። ዘይት ሲበዛ እኮ በዚያችው የካርቡሬተሩ ጄት ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል። ድብልቁ ይብስ ይሳሳል። ስፖንጁ ሲወልቅ ደግሞ አየሩ ይጨምራል፣ አቧራውም ከነአሸዋው ይገባል። ሁለቱም ወደ አንድ ገደል ነው የሚወስዱት።

ባለዲቲ፣ አመድ የመሰለ ካንዴላ ማለት ቤንዚኑ አንሶ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። እንዲህ ሆና ሐረጎን አትውጣባት። ቤንዚኑ በደንብ የሚወርድ ከሆነ ከካርቡሬተሩ በኋላ በሆነ ቦታ ያልተጠራ አየር እየገባ ነው። ሲሞቅ ብቻ መምጣቱም ወደዚያው ይጠቁማል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ሞቃ ሳለ ቤንዚን ሰጥተሃት ስትለቅ ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳትሰጣት የምትዞርበት) ቶሎ ይወርዳል?

ባለዲቲ
አይወርድም! «ዊዊዊ» እያለች ቆይታ ነው የምትወርደው። እኔ ገመዱ መስሎኝ ዘይት ስቀባው ከረምኩ።

አያ መፍቻ
በቃ፣ ተጠግተናል። የሚጠረጠረው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ፤ ሁለተኛው ከማግኔቱ ኋላ ያለው የክራንኩ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ)። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲል ቢሆን ኖሮ የማርሹን ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ታበዛብህ ነበር፣ ዘይቱም ይጎድል ነበር። ስለ ጭስ ስላላነሳህ እሱን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ።

አሁን የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጥና የሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ጨምር። ሞተሯን ደክማ እስክትመጣ ንዳት፣ ሜዳ ላይ ግን። በሚኒሞ አቁማትና ላስቲኩን ዙሪያውን እርጭ። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ እሱ ነው። ቀዝቅዛ ብትሞክር ምንም አታይም። ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ አንተ እንዳታደርገው፣ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ነህ።

ላስቲኩ ደህና ከሆነ ካርቡሬተሩን አውርድና ሪድ ቫልቩን እይ። እንደ ቅጠል የሳሱ ክዳኖች ናቸው። ወደ ብርሃን አንስተህ ስታያቸው ቀዳዳ ካሳዩህ ወይም ጠርዛቸው ከተሸረፈ እነሱም ጉልበት ይበላሉ።

ባለዲቲ (ከሦስት ቀን በኋላ)
አያ መፍቻ፣ እጅህን ልሳመው!

በሐይቅ መንገድ ሃያ ደቂቃ ነዳኋትና ዳር ይዤ ቆምኩ። ሳሙናውን ከላይ ስረጭ ምንም የለም። ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ ስረጭ አረፋው «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተንገዳገደ። ደግሜ ረጨሁ፣ ደግሞ ተንገዳገደ። ብቻዬን መንገድ ዳር ሳቅሁ፤ በጎች የሚነዳ ልጅ ቆሞ ያየኛል።

ቤት ገብቼ ስፈታው ከገበያ የተገዛው ካርቡሬተር አፉ ከላስቲኩ ይጠባል። ሰውዬው ክፍተቱን የሞላው ከመነዳሪ ቆርጦ፣ እንደ ሻሽ ጠምጥሞ ነው። የጎማው ቁራጭ ቤንዚን ጠጥቶ አብጧል፣ በጣቴ ስጫነው እንደ ሊጥ ይለጠጣል። በብርድ ጭብጥ ብሎ ይይዛል፣ ሲሞቅ ከታች በኩል ይከፈታል ማለት ነው።

ቶርኖ ቤት ወስጄ ለክፍተቱ ልክ የሆነ የአሉሚኒየም ቀለበት አስቆረጥኩ። ላስቲኩንም አዲስ ገዝቼ በማጥበቂያ አሰርኩት። ፒስተን ሊቀየርበት ከተጠየቅሁት ገንዘብ ጋር አይወዳደርም። ትናንት ከኮምቦልቻ መጣሁ፤ ሐረጎን በሦስተኛ! ካንዴላው አሁን ሻይ በወተት መስሏል። ሚኒሞውም ስለቅ ወዲያው ይወርዳል።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ሜዳ ላይ እስከ መጨረሻ ስሰጣት መካኒኬ እንደሚያወራልኝ የድሮ ዲቲ አትበርም። 70 ላይ ትቆማለች።

የጢጣው
አብሽር፣ ደስ ይላል! ስለ ከፍታው ያልኩትን አንስቻለሁ። ግማሹን ግን አላነሳም።

አያ መፍቻ
እንኳን ደስ ያለህ። የቀረው የማርሚታው ነው ባይ ነኝ። በቱ ስትሮክ ማርሚታ ድምፅ መቀነሻ ብቻ አይደለም። ያ ሆዱ የሰፋው ክፍል የጭሱን ግፊት መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ይመልስልሃል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ቱቦ ደግሞ ያንን ግፊት የሚይዘው ነው። እሱን ስትቆርጠው ጩኸቱ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ያንኑ ስፋትና ርዝመት ያለው ቱቦ ካገኘህ በያጅ አስቀጥለው። ከዚያ በኋላ ካንዴላውን እንደገና አይተህ ስለ ጄቱ እንነጋገራለን።

ባለዲቲ
ልኩን ከየት አመጣለሁ? የእኔን የቆረጠው ሰው ቁራጩን እንኳ አላስቀረም።

የኩታበሯ
እኛ ቢሮ ግቢ ውስጥ አንዲት ዲቲ ጎማ የሌላት ቆማለች፣ ዶሮዎች ናቸው የሚያድሩባት። ማርሚታዋ ግን ሙሉ ነው። ሰኞ በሜትር ለክቼ ስፋቱንም ርዝመቱንም እጽፍልሃለሁ።