«አምባገነን» እና «በሕግ አምላክ»

ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ትናንት ዲሞክራሲ እንዴት እየተሸረሸረ ወደ አምባገነንነት እንደሚወርድ ስናወራ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ አምባገነን አምባ ላይ የገነነ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ግን መልሴ ለራሴም አላጠገበኝም። ተቃራኒውስ ምን ይባላል? የራሳችን ቃል አለን?

ከመሐል ሜዳ፦
መምህር፣ «አምባ» እና «ገነነ» መሆኑ ልክ ነው። እኛ መንዞች አምባን እናውቀዋለን፦ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ ጠባብ በር። ቃሉን ስሰማ ከከፍታው ይልቅ በሩ ነው የሚታየኝ። ሰው በሹመትም በምርጫም አምባ ላይ ይወጣል፤ ክፋቱ ከወጣ በኋላ በሩን ከውስጥ ሲቀረቅረው ነው። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የያዘው በሕጋዊ ሹመት ነበር። ማርች 23 ላይ ፓርላማው ራሱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለካቢኔው አሳልፎ ሰጠ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

ለተቃራኒው እኔ «በሕግ አምላክ»ን እመርጣለሁ። ልጅ ሳለሁ ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ። አንደኛው ዱላውን ሲያነሳ፣ እንስራ ያዘለች አንዲት አሮጊት ከመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» አለች። ሰውዬው በርኖሱ ከትከሻው ወርዶ፣ ዱላው እንደተነሳ ቀጥ አለ። ሴትዮዋ ዘመዱም አለቃውም አልነበረችም።

ከአንኮበር፦
ወንድም ዓለም፣ ታሪክህ ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን በዚያው አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። «በሕግ አምላክ» የገበሬውን ዱላ አስቆመ እንጂ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅ ነበር። ይህን ሳናነሳ ብናልፍ ለቃሉ ያልነበረውን ክብር መስጠት ይሆናል።

ደግሞ አምባገነንነት በገዛ ስሙ አይመጣም፤ ለስላሳ ቃል ለብሶ ነው የሚመጣው። «ደርግ» በግእዝ እንደ ኮሚቴ ያለ ቃል ነው። መስከረም 1967 ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን ሲይዝ ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» አለ። ጊዜያዊው 13 ዓመት ቆየ። ገና በሦስተኛው ወር፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ «ነጻ እርምጃ» መጣ። እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ነጻ የሆነው ማነው? ገዳዩ ነው፤ ከሚጠይቀው ዳኛ ነጻ። «ገደሉት» ይባል የነበረው «እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ሄደ። ቋንቋ የምንወድ ሰዎች ቀድመን መንቃት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ከደብረ ብርሃን፦
«ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ» ያሉትን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ስለ «ጊዜያዊ» አንድ ልጨምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል ይላል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊያድሰው ይችላል። ለስንት ጊዜ? ተማሪዎቼ አንቀጹን ከፍተው ራሳቸው ይፈልጉ።

አንኮበሮች፣ እናንተ ጋ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ቆሞ ምን ብሎ ይመልስ ነበር? ወይስ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው?