ስለ ተመደበልን ልቦለድ ምክር ትሰጡኝ ዘንድ

ጎንደር በሚገኝ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። በዚህ መንፈቅ የተመደበልን ልቦለድ ቅዱስ ቁርባንን መሳለቂያ የሚያደርጉ ገጾች ስላሉበት፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ አንብቤ እንድተነትነው ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። የንስሐ አባቴ «ተወው» ሲሉኝ፣ መምህሬ ግን ማንበብ ማመን እንዳልሆነ፣ መጽሐፉን መንቀፍም እንደምችል ነግረውኛል፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ስለሚል፣ የትኛውን ይዤ እንደምከራከር ግራ ገብቶኛል። መጽሐፉ ከትምህርቱ ይውጣ አልልም፤ ሌሎች ያንብቡት። ተመጣጣኝ ሌላ መጽሐፍ እንዲሰጠኝ ለመምህሬ ብቻ ላመልክት ወይስ ለትምህርት ክፍሉም በጽሑፍ ላቅርብ? በማስተማር ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ጥያቄ አቅርባችሁ የተፈቀደላችሁ ካላችሁ፣ ማመልከቻው እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል እባካችሁ ንገሩኝ።